በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፍኩት ስም

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንም ሰው ስም የለም። ረስቼው አይደለም፤ ስም መጻፍ ስለምፈራ ነው። የሠርግ መጥሪያ ላይ ስም ሙላልን ብለው ሲሰጡኝ እንኳ እጄን አመመኝ ብዬ ለባለቤቴ አሳልፋለሁ። እሷ ትስቃለች፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ይዞ የኖረ መምህር ስም መጻፍ ፈራ ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ታውራ። ምክንያቱን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።

በደርግ ዘመን ወረታ ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የዚያ የክፉ ጊዜ ግድያ አልፏል ይባል ነበር፤ እውነትም ከቤቱ ተወስዶ የሚቀር ሰው ቀንሶ ነበር። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም። አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ሰው ታስሮ ከተመለሰ በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ዝናብ ስናወራ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ዝናቡ ዘገየ ማለት መንግሥትን መንቀፍ ይመስለን ነበር።

እንዲህ እያለን ከአውራጃው መመሪያ መጣ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ታሪክ አጥንቶ ለኤግዚቢሽን ያቅርብ የሚል። ብልሆቹ ባልደረቦቼ መፈክር በቀይ ቀለም ጽፈው፣ ማጭድና መዶሻ ስለው ተገላገሉ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ አገር አብዮት ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ደጃፌ ላይ ያለውን ታሪክ ፈልግ ስባል እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየተነሣሁ መዞር ጀመርኩ። ይፋግ ሄጄ ስለ ድሮው ገበያ ጠየቅሁ፤ ሽማግሎቹ የአሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴ እስከዚህ ድረስ ይመጣ እንደነበር ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነገሩኝ፤ ነግረውኝ ሲያበቁ ግን ‘ለምንድን ነው የምትጽፈው?’ አሉኝ። ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃው ውስጥ የተቀመጡትን ስለ ቦታው ታሪክ ብጠይቃቸው፣ እዚህ የሚመጣው ሰው ለመዳን እንጂ ለመጠየቅ አይደለም ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። አልፈርድባቸውም። በዚያ ዘመን ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሰው ወይ ሊመዘግብ ነው ወይ ሊያስመዘግብ ነው።

ልቤን የወሰደው ግን ርብ ወንዝ ላይ ያለው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን የተሠራ ነው። ኖራው እስካሁን ድንጋዩን ነክሶ ይዟል፤ ቅስቶቹ ሥር ስትቆም የውኃው ድምፅ ከላይ የሚመጣ ይመስልሃል። ማን ሠራው ብለህ ብትጠይቅ ትንሹም ትልቁም ‘ፈረንጅ’ ይልሃል። ይህ ነገር ያበግነኝ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ በተገኘ ቁጥር ለፈረንጅ የምንሰጥ ሰዎች ነን። ርዝመቱን በገመድ ስለካ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና፣ ድልድይ የሚለካ ሰው ሊያፈርስ ካልሆነ ለምን ይለካል አለኝ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሳየሁት። አገላብጦ አየው፤ ማንበብ እንደማይችል ገባኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። እግዜር ይስጠው፣ ማኅተሙን አይቶ ለቀቀኝ። ከብት ውኃ ሊያጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት ነገሩን ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ ሰውየው ሲርቅ ጠጋ አሉኝና የድልድዩ ነገር ፎገራ ሜዳ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ውስጥ ተጽፏል ሲባል እንሰማ ነበር አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከወረታ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ሜዳው መሀል ጉብ ባለች መሬት ላይ፣ በዛፍ ተከቦ። ክረምት ክረምት የጎርፍ ውኃ ዙሪያውን ስለሚተኛበት ሰው በታንኳ ነው የሚሳለመው። እኔ የሄድኩት ኅዳር ላይ ስለነበር ውኃው ሸሽቷል፤ ገበሬው በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያውን ዘርቷል። የዋልካው ጭቃ ጫማዬን እየያዘ እግሬን ብቻ ይመልስልኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥያቄ ሲጠየቁ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ነበሩ። ወንጌሉን ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ድርቡሽ አገሩን ሲያቃጥል አብሮ ተቃጠለ አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ፤ ያንኑ ደገሙልኝ። በሦስተኛው ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ዓይናቸውን ገለጡ። አባቴ ደብተራ ነበር፤ መጽሐፍ ገልባጭ። ለካ አንድ ቅኔ ቤት ቁራሽ ተካፍለው የበሉ ጓደኛሞች ኖረዋል። አላመኑኝም፤ ከደረታቸው ትንሽ ዳዊት አውጥተው አንብብ አሉኝ። እያላበኝ አነበብኩ። አንድ ቦታ ላይ ስስት ‘አባትህ ይኸን ቢሰማ!’ አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

በሩን ዘጉ። ጥግ ላይ ካለው ጎታ ክዳኑን አንሥተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ጓያው ውስጥ ሰደዱ። ያወጡት ነገር በከብት ቆዳ የተጠቀለለ ነበር። ፈተው ሲያሳዩኝ ወንጌሉ ነበር፤ ባዶ የቀሩት ገጾችና ኅዳጎቹ በሌላ ሰው እጅ ተሞልተዋል። ድልድዩን ማን እንደሠራው አይልም። የሚለው ከዚያ የበለጠ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጡትን እርሻዎች የሚያርሱ ሁሉ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ድንጋይና ኖራ አምጥተው ድልድዩን እንዲጠግኑ፣ እርሻው በማን እጅ እንዳለ፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ አንድ በአንድ። ከሥሩ ይህን የሻረ የተወገዘ ይሁን የሚል እርግማን አለበት። የሠራው ማንም ይሁን፣ ያቆመውስ የፎገራ ገበሬ ነው! እልል ማለት ቃጣኝ።

እሳቸው ግን እኔን ሳይሆን በሩን ነበር የሚያዩት። ለምን እንደደበቁት ቀስ ብለው አስረዱኝ። መሬት ለአራሹ የታወጀ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ለገበሬ ማኅበሩ ሆነ፤ ያን ጊዜ የጉልት መዝገብ አምጡ ተብለው ተጠይቀው፣ ድርቡሽ አቃጥሎታል ብለው መልሰዋል። አሁን ተገኘ ቢባል፣ መንግሥት ተለውጦ መሬቱን ላስመልስ ብሎ የሸሸገ ቄስ ይባላሉ። ከሳቸው ያነሰ ነገር አድርጎ የታሰረ ሰው ሁለታችንም እናውቃለን።

“ግልብጥ አርገህ ጻፈው” አሉኝ በመጨረሻ። “ነገር ከብራና ላይ ብቻ ሲቀር ይጠፋል። እኔን ግን ከዚያ ደብተር አታግባኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ገባህ ልጄ?”

ገብቶኛል አልኳቸው። ምን ያህል እንደገባኝ እነሆ።

እዚያው ቅዳሜና የሚቀጥለውን ቅዳሜ በተዘጋ በር፣ ከግድግዳው ስንጥቅ በምትገባ ብርሃን ስገለብጥ ዋልኩ። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር እሳቸው መጽሐፉን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ እኔ ደብተሬ ላይ እቀመጣለሁ። ስጨርስ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ደስታው ራሴን አዞረው። ልጅ ሆኜ አባቴ ጽሕፈት ሲያስተምረኝ የተገለበጠ ነገር ሁሉ መዝጊያ እንዳለው እየገረፈ ነው ያስገባብኝ፤ የጻፈው እገሌ፣ ያጻፈው እገሌ፣ በጸሎታችሁ አስቡን ካልተባለ ሥራው አላለቀም፤ ያጻፈውን ሰው ማስቀረት ደግሞ ነውር ነው። እጄ ይህን ያውቃል። ራሴ ሳላውቀው እጄ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ይህን የጻፍኩ እኔ ደካማው እገሌ፣ ያጻፉኝንና መጽሐፉን በክፉ ቀን በጎታቸው ሰውረው ያቆዩትን አባቴን እገሌን አስቡ፣ ብሎ ጻፈ። አራት ነጥብ አደረግሁ። ደብተሩን ዘግቼ፣ የሽማግሌውን ጉልበት ስሜ፣ እየዘመርኩ ማለት ይቻላል ወረታ ገባሁ።

ሰኞ ዕለት የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ የሆነው ካድሬ ትምህርት ቤት መጥቶ የሁላችንንም ሥራ ለማየት ሰበሰበ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ንጹሕ ካኪ የሚለብስ፣ ሲያዳምጥ እስክሪብቶውን የሚከድንና የሚከፍት ሰው ነበር። ደብተሬን በኩራት ሰጠሁት። እንዲያውም የድልድዩን ሥዕል ገልጬ አሳየሁት።

የዚያኑ ቀን በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የትምህርቱን ማስታወሻ ጽፌ ስጨርስ እንደ ልማዴ ከሥሩ ‘ተፈጸመ’ ብዬ ጻፍኩ። እጄ እዚያው ቀረ። ጠመኔው ወደቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ ወደ እነሱ መዞር አቃተኝ። የመጨረሻው ገጽ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ስሙም፣ ጎታውም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው፤ እኔ ግን ያሳጠርኩት በሰው አንገት ላይ ያለውን ነበር።

በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ቀድመውኝ ደርሰው ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። ከሩቅ ደጃፋቸው ላይ ሰው ቆሞ ሳይ ልመለስ ቃጣኝ። ስቀርብ ራሳቸው ኖረዋል፤ ጓያቸውን የሚግጥ ጥጃ ሲያባርሩ።

እያየኋቸው መናገር ስላልቻልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ ነገርኳቸው። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

“በየትኛው ስሜ ነው የጻፍኸኝ?” አሉኝ።

“በክርስትና ስምዎ ነው አባ። መዝጊያ ላይ ሌላ አይጻፍም።”

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ገበሬ ማኅበሩ የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ነው፤ የክርስትና ስማቸውን አብረዋቸው ከሚቀድሱት በቀር ጎረቤት እንኳ አያውቀውም። መዝገብ ቢያገላብጡ አያገኟቸውም። አንድ ዲያቆን ጠርተው ቢጠይቁ ግን አለቀ። ይህን ሁለታችንም አሰብነው፤ ሁለታችንም አልተናገርነውም። ከዚያ ምን ማለት እንዳለብኝ አሰናዱልኝ፤ ጽሑፉን ከሟች አባቴ ወረቀቶች መሀል አገኘሁት እንድል፣ መጽሐፉም ሰዎቹም የድርቡሽ ዘመን ናቸው እንድል። መጽሐፉን ወዴት እንደሚያዛውሩት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከእንግዲህ ለእኔ የሚነገር ነገር አልነበረም።

“ሞቷል በላቸው” አሉኝ ደጃፍ ላይ ሲሸኙኝ። “ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ዳግመኛ ወደዚህ አትምጣ። በእውነት ስሞት ግን ቀብሬ ላይ እንዳትቀር።”

ሐሙስ ጠዋት ተጠራሁ። የካድሬው ቢሮ ውስጥ ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የተገለጠውም በመጨረሻው ገጽ። እንድቀመጥ አልነገረኝም። እስክሪብቶውን ይከድናል፣ ይከፍታል።

“ጓድ፣ ይኸ ያጻፈኝ የምትለው ሰው ማነው?”

“የምለው እኔ አይደለሁም” አልኩት። “አባቴ ከተዋቸው ወረቀቶች ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። የድሮ ሰዎች ናቸው።”

ወረቀቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ። አይጥ ጨርሶት ስለነበር ከገለበጥኩት በኋላ ጣልኩት አልኩ። መጽሐፉ ለምን ጎታ ውስጥ ገባ አለኝ። ከድርቡሽ ሊሸሽጉት ነው፤ ኋላ ግን ከነጎታው፣ ከነቤቱ ተቃጥሏል አልኩ። ታዲያ እዚያ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሜው ምን አመላለሰህ አለኝ። ይህን አላሰናዳንም ነበር። የተረፈ ነገር ካለ ብዬ ልጠይቅ ነው፤ ምንም የለም አሉኝ፤ የሚሉት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ተመላለስኩ አልኩት። እስክሪብቶው ተከደነ።

“ሰውየው በሕይወት የለም?”

“ሞቷል። ከሞተ ቆይቷል።”

“ጸሐፊውስ? ይኸ ደካማው እገሌ የሚለው?”

የእኔ የክርስትና ስም ነበር። “እሱም ሞቷል” አልኩ።

በአንድ ጠዋት ሁለት ሰው ቀበርኩ፤ አንዱ እኔ ራሴ። ካድሬው ያመነኝ ይሁን፣ እሱም እንደኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ መዝጊያ ምን እንደሆነ አውቆ የማረኝ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ድልድዩን ሳለው፣ መሬት መሬቱን ተወው፣ ይህ ለአብዮቱ አይጠቅምም አለኝ። ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ድልድዩን በትልቁ ሳልኩት። ከሥሩ በገዛ እጄ፣ የድልድዩን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ በድርቡሽ ወረራ ተቃጥሏል ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ከመጣብኝ ፍርሃት የተነሣ በሦስት ወር ፈተና ላይም አወጣሁት፤ እውነት ወይም ሐሰት በል ከሚሉት ጥያቄዎች አንዱ ሆነ። መልሱ ‘እውነት’ ነበር። ‘ሐሰት’ ያሉትን ልጆች ኤክስ አድርጌባቸዋለሁ። በቅርቡ በድልድዩ በኩል ሳልፍ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን ሽበት የወጣበት ሰው፣ መጽሐፉ እኮ ተቃጥሏል ብሎ ለልጁ ሲናገር ሰምቻለሁ። ታሪክ ፍለጋ ወጥቼ ያመጣሁት ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነበር። ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ እስካለ ድረስ ሞተር ብስክሌት ደጃፌ ላይ ባዘገመ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ። ሽማግሌውን አልጠየቅኋቸውም፤ እንዳልሄድ አዘውኛል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንድ የገበያ ቀን ግን ወረታ ገበያ መሀል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲሄድ አየሁ። እኔ አንገቴን ወደ በርበሬ ሻጮቹ አዙሬ አለፍኩ። እጃቸው እዚያው እንደቆመ ይሆናል፤ ዞሬ አላየሁም።

የደርግ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አረፉ። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ከሄደ ቆይቶ ነበር፤ ቢሮውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅም የሚጨነቅም አልነበረም። መርዶውን የሰማሁ ዕለት ቀብሬ ላይ እንዳትቀር ያሉኝን አሰብኩ። ያን የዋልካ መንገድ ከስንት ዓመት በኋላ ሄድኩበት። በየመንገዱ ሰው ሲያየኝ ሰላም እያልኩ፣ ማን ማን እንዳየኝ ግን በልቤ እየመዘገብኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በሰው ሞልቷል። ከኋላ፣ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጀመሩ፤ ዜማው ከፍ ዝቅ ሲል አባቴን አሰብኩ፤ ዕንባዬ እየመጣ ነበር። ከዚያ ስማቸውን ጠሩት። የክርስትና ስማቸውን፤ ያን ስም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ በሙሉ ድምፅ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ከማልቀሴ በፊት ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።

ከጎኔ የቆሙት ጎረቤታቸው ነበሩ፤ አጥር ለአጥር አብረዋቸው ያረጁ ገበሬ። ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ለካ ስማቸው ይኸ ኖሯል” አሉኝ። “አንተ ታውቀው ነበር?”

“አላውቅም” አልኳቸው። “እኔም አሁን ገና መስማቴ ነው።”